እጅ ሳይተካ እጅ አይነሣም

ቅናተኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሌላው ጡረተኛ የሥራ ዘመኑን ሲያወጋ «በትጋትና በታማኝነት አገለገልኩ» ብሎ ይጀምራል። እኔም አገልግያለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የተጫዋች እግር ሳሽ፣ ሳስር፣ ስጎትት ኖሬአለሁ። ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ በሰው ሳልቀና የዋልኩበትን ቀን ቁጠር ብትሉኝ ከአንድ እጅ ጣት አላልፍም። በሌላ ክለብ የበረዶ ሣጥን እንኳ ቀንቼ አውቃለሁ። ጎማ ነበረዋ!

ባለፈው ወር ከኮምቦልቻው ክለባችን ወጌሻነት ጡረታ ወጣሁ። ጽሕፈት ቤቱ የርክክብ ቅጽ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ የማሻሻ አልጋ ሁለት፣ የበረዶ ሣጥን አንድ፣ እጀታው የተጠገነ ቃሬዛ አንድ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ተረካቢዬ ሰሚራ ትባላለች። የደሴ ልጅ ናት፤ አባቷ ሸዋ በር ጨርቅ ይነግዳሉ። በፊዚዮቴራፒ ተመርቃ፣ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርታ ነው የመጣችው። ታብሌቷን ይዛ፣ ሻሿን አሳምራ አስራ፣ እኔ ስገባ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ። ሸጋ ልጅ ናት፤ ወላሂ ግን አልወደድኳትም። ተጫዋቾቹ ገና በሦስተኛ ቀኗ «ዶክተር» ማለት ጀመሩ። እኔን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማንም ዶክተር ብሎኝ አያውቅም።

ፈራረምን። ከዚያ ሰሚራ «ጋሽ ሁሴን፣ ቅጹ ላይ ያልሰፈረ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኩ።

አመስግና ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠች። ከመቀመጫዋ አልተንቀሳቀሰችም። በዝግታ፣ «ጋሽ ሁሴን፣ ሌላ የለም?» አለችኝ ደግማ።

ቆሜ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያች ሁለተኛ ጥያቄ ለምን መልሳ እንዳስቀመጠችኝ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ወጌሻ ከመሆኔ በፊት የፋብሪካ ቡድን የግራ ተከላካይ ነበርኩ። ቀን ግምጃ ቤት ጥቅል ጨርቅ እቆጥራለሁ፣ ከሥራ መልስ እጫወታለሁ። አንድ እሑድ ደሴ ወጥተን ሆጤ ሜዳ ስንጋጠም በትከሻዬ ወደቅኩና አጥንቴ ተሰበረ። ጓደኞቼ ተሸክመው ደጋን ከተማ ወጌሻው አያ ይመር ዘንድ ወሰዱኝ። አያ ይመር ጺማቸውን በሒና የሚያቀሉ፣ ቀጭን፣ ነገራቸው ሁሉ የረጋ ሽማግሌ ነበሩ። በለብታ ውሃ እጃቸውን ታጠቡና ብብታቸው ሥር ከተው አሞቁት። ከዚያ የተሰበረውን ትተው ደህናውን ትከሻዬን ያዙ።

«ኧረ አያ፣ በዚህኛው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አውቃለሁ፤ ጩኸትህ ከበር ጀምሮ ነግሮኛል» አሉኝ። «ደህናውን ሳላውቅ የታመመው የቱን ያህል እንደራቀ በምን ልወቅ?»

ሲሠሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ዓይን ችኩል ነው ይላሉ፤ ያበጠ ሲያይ ይደነግጣል፣ ያላበጠ ሲያይ ይዘናጋል። ጣታቸው ትከሻዬ ላይ እየሄደ እሳቸው ግድግዳውን እያዩ ስለ ማሽላ ዋጋ ይጠይቁኛል። መልሴን ሳልጨርስ ቀጭ አደረጉኝ። እሪ አልኩ፤ ግን አጥንቱ ቦታው ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት መልስ ከቤታቸው አልጠፋም። እንዲያስተምሩኝ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አስተምርሃለሁ አላሉኝም። አንድ ቀን «ውሃውን አሙቅ» አሉኝ፤ በዚያው ጀመርን።

በዓመቱ እንድሪስ መጣ። እንድሪስ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ የሹፌር ረዳት ነበር፤ እሱም እንደኔ ተሰብሮ ነው የመጣው፣ ክንዱን። አያ ይመር አንድ ፈተና ነበራቸው። የሸክላ ድስት ጆንያ ውስጥ ይከቱና በዱላ ይሰብሩታል፤ የጆንያውን አፍ ይቋጥሩና «ከውጭ እየዳሰስክ ግጠመው» ይላሉ። እኔ ሦስት ጁምዓ ፈጀብኝ። ገሉ እየተንሸራተተ፣ አንዱን ስይዝ ሌላው እያመለጠ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ታገልኩ። ስጨርስ አያ ይመር ዳሰሱትና «ጥሩ ነው» አሉኝ። እንድሪስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ጀምሮ የዐስር ሶላት ሳይደርስ ገጠመው። «ማሻአላህ!» አሉ አያ ይመር። ስንት ዘመን አለፈ፣ ያች «ማሻአላህ» ዛሬም ታንገበግበኛለች።

ከልማዳቸው ሁሉ ግን ዋናው የአደራው ነገር ነበር። እሳቸው ያከሙት ሰው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ለዚያ አገር ወጌሻ ራሳቸው ሄደው ያስረክቡታል። አንዲት ዳሌዋን ያሹላት ልጅ ቦሩ ሜዳ ተዳረች። አያ ይመር በዚያ ዕድሜያቸው ከመኪና መኪና እየቀያየሩ፣ እኔንና እንድሪስን አስከትለው ቦሩ ሜዳ ወጡ። ልጅቷን መሀል አስቀምጠው እጃቸውን የታመመው ቦታ ላይ አደረጉ፤ የዚያ አገር ወጌሻ፣ አንዲት አሮጊት፣ እጃቸውን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ሁለቱም እጅ እዚያው እንዳለ አያ ይመር ሁሉንም ነገሩ። የአጥንቱን ብቻ አይደለም፣ የልጅቷንም ጠባይ ጭምር ነው። «ይቺ ልጅ የምታለቅሰው ሕመሟ ሲቀንስላት ነው፤ ስታለቅስ እንዳትደነግጪ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁሉንም ተናግረው ሲጨርሱ ብቻ እጃቸውን አነሡ። ስንመለስ በመኪና ውስጥ «እጅ ሳይተካ እጅ አይነሣም» አሉን። ሕጋቸው ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልበል። የፋብሪካው ቡድን ወጌሻ አድርጎ ቀጠረኝ፤ ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። ሁለት ዓመት ደሴ ሠራሁ። የደሴ ብርድ ለጡንቻ ጠላት ነው፤ ጠዋት ጠዋት የጦሳን ተራራ እየረገምኩ የሰው ታፋ አሻለሁ። ከዚያ ኮምቦልቻ ክለቡ ሲቋቋም ተመልሼ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወረድኩ። ስምንት አሠልጣኝ አለፈብኝ። አንዱ የተጎዳ ተጫዋች ሁሉ አስመሳይ ይመስለው ነበር፤ አንዱ ደግሞ በጣም ከማዘኑ የተነሣ ጥፍሩ የተነቀለውን ሁሉ ያሳርፋል። እንድሪስ በበኩሉ ኮርስ ላይ ኮርስ ወሰደና አዲስ አበባ አንድ ሀብታም ክለብ ገባ። በቴሌቪዥን ቦርሳውን ይዞ ወደ ሜዳ ሲሮጥ ሳየው ጣቢያ እቀይራለሁ። በየዒዱ ይደውልልኛል። «ሁሴኔ፣ ዒድ ሙባረክ!» ይላል በዚያ ሞቅ ባለ ድምፁ። እኔ «ላንተም» ብዬ ሥራ እንዳለብኝ አስመስላለሁ።

አያ ይመር ሲያርፉም እሱ ነው የደረሰው። እኔ ከቡድኑ ጋር ክፍለ አገር ወጥቼ ነበር፤ እንድሪስ ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ የመጨረሻውን ሳምንት ከአልጋቸው ሥር ሳይጠፋ ከረመ። ለቀብሩ ስደርስ ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁት። ምን ተባባላችሁ ብዬ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። ማልቀስ ሲገባኝ ለእሱ ምን ነግረውት ይሆን እያልኩ ስቀና ዋልኩ።

አሁን ወደ ናትናኤል ልምጣ። ናቲ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። አባቱን በልጅነቱ አጥቶ እናቱ ወይዘሮ ሣራ ናቸው ያሳደጉት፤ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበሩ፤ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። እሱ የክለባችን አጥቂ ነበር፤ እንደ እሱ ያለ አጥቂ በእጄ አላለፈም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋዬ ላይ ሲወጣ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ነበር። ስጫነው ከት ብሎ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል? እየኮረኮርኩህ ነው?»

«ኧረ ምንም አይደል ጋሼ፣ ይቀጥሉ።»

ቀጠልኩ፤ ባሰበት ሳቁ። እንደ ልማዴ ግድግዳውን ነበር የማየው። እንዲያው በአጋጣሚ ዘወር ብል የእግሩ ጣቶች ወደ ውስጥ ጭብጥ ብለዋል፤ ደም እስኪሸሻቸው ነጥተዋል። እጄን አነሣሁ። ቆይቶ ነው የነገረኝ። ልጅ ሆኖ ሲወድቅ ካለቀሰ እናቱ ትደነግጣለች፣ ከደነገጠች ልቧ ይነሣባታል። ስለዚህ ሲያመው መሳቅ ለመደ። አድጎም አልተወውም፤ እንኳን ለሌላው ለራሱም የሚያስቅ ነገር ያለ ይመስለዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለናቲ ስል የአያ ይመርን ሕግ ጣስኩ፤ ግድግዳውን ትቼ ጣቶቹን እያየሁ መሥራት ጀመርኩ።

የግራ ተረከዙ ጅማት አስቸጋሪ ነበር። ጠዋት ያብጣል፣ ሲሟሟቅ ይለቀዋል። በየቀኑ ከልምምድ በፊት ደህናውን እይዛለሁ፣ ከዚያ ግራውን። ጣቶቹ ካልተጨበጡ ይጫወታል። ከተጨበጡ ለአሠልጣኙ «ዛሬ አይሆንም» እላለሁ። አሠልጣኙ «እየሳቀ እኮ ነው» ይለኛል፤ «ይሳቅ፣ አይጫወትም» እላለሁ። እንዲህ እያደረግን ሦስት ዓመት አንድም ቀን ሳይበጠስ አቆየሁት። በእኔ እጅ የተሠራ እግር ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ደግሞ አባ ሁሴን ነበር የሚለኝ። ሌሎቹ ጋሼ ይሉኛል፤ እሱ ግን አባ።

ከዚያ የግማሽ ዓመቱ የዝውውር መስኮት ተከፈተ። ሁለተኛ ነበርን። ሁለተኛ! ከተማው አብዷል፤ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ የክለቡን መለያ ለብሶ ነው የሚነዳው። ፕሬዚዳንቱ አንድ ጠዋት ሰበሰበንና በረኛው፣ አማካዩና ናቲ እንደተሸጡ ነገረን። የገዛቸው የእንድሪስ ክለብ ነው። ካዝናው ባዶ ነው አለ፤ እውነትም ባዶ ነበር። አሠልጣኙ ብድግ ብሎ «በክረምት ጣራ ይሸጣል እንዴ?» ብሎ ጮኸና በሩን በርግዶ ወጣ። ደጋፊው ሜዳ በር ላይ ተሰብስቦ ሲሳደብ ዋለ። እኔን ግን የሽያጩ ነገር አልነበረም የበላኝ። ሌላ ክለብ ቢገዛው ኖሮ ሸኝቼው እንባዬን ጠርጌ እመለስ ነበር። የእንድሪስ ክለብ መሆኑ ነው ያንጨረጨረኝ። ድስቱን ወሰደ፣ ማሻአላህን ወሰደ፣ የአያ ይመርን የመጨረሻ ሳምንት ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ልጄን ሊወስድ መጣ!

በማግሥቱ እንድሪስ በክለቡ መኪና መጣ። ሦስቱን ሊመረምር ነው። ምልክት ያለው ጃኬት ለብሷል፣ አንዲት ትንሽ ማሽን ይዟል። «ሁሴኔ!» ብሎ አቀፈኝ፤ ሽቶ ሸተተኝ። «አያ ይመር እንዳስተማሩን እናድርገው፤ ማሽኑን ኋላ ላይ» አለኝ። ደስ የሚል ነገር ነው የተናገረው፤ ያም አናደደኝ።

በረኛውን መሀል አስቀምጠን እጅ ለእጅ አስረከብኩት፤ የጣቱን፣ የትከሻውን፣ ሲሸነፍ ምግብ የማይበላ መሆኑን። አማካዩንም እንዲሁ። አንድም አላስቀረሁም። ከዚያ ናቲ አልጋው ላይ ወጣ። እንድሪስ እጁን ታጥቦ አሙቆ መጥቶ ደህናውን እግር ያዘ። ናቲ ዓይኑን ጨፈን አደረገና «ጋሽ እንድሪስ፣ እጅዎ ጥጥ ነው እኮ! የአባ ሁሴን ሞረድ ነው» አለ። ቀልዱን ነው። እኛ ቤት እንዲህ ነው የምንቀላለደው። ሌላ ቀን ቢሆን በኩርኩም አናቱን ብዬው ስቀን እናልፍ ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም።

ሁለታችንም እጃችንን ግራው ተረከዝ ላይ አደረግን።

«እሺ፣ የዚህስ አደራ?» አለ እንድሪስ።

ቁርጭምጭሚቱን ነገርኩት። ጅማቱ ጠዋት ጠዋት እንደሚያብጥ ነገርኩት። በደንብ ሳይሟሟቅ አይግባ አልኩት። ከዚያ ዝም አልኩ።

«አበቃ?» አለኝ።

«አበቃ።»

እንድሪስ ቀና ብሎ አየኝ። ረዘም አድርጎ ነው ያየኝ፣ አስታውሳለሁ። ከንፈሩ የሆነ ነገር ሊናገር እንደፈለገ ሁሉ ተንቀሳቀሰ፤ ግን ምንም አላለም። እጄን አነሣሁ። እጅ ተተክቷል፣ ሕጉ ተፈጽሟል፤ አደራው ግን ግማሽ ነበር። ናቲ ሲወጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ «አባ ሁሴን፣ ይጸልዩልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት ሳስብ በራሴ አፍራለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ፈልጎ ያግኘው! እያልኩ ነበር የምሄደው። እሱ አይደል ድስቱን በአንድ ቀን የገጠመ? በሁለተኛው ሳምንት ግን አላስችል አለኝና ደወልኩ። «ሃሎ፣ ሁሴኔ?» አለ እንድሪስ። ከኋላው የናቲ ሳቅ ይሰማል። የደስታ ይሁን የሕመም ከኮምቦልቻ ሆኜ ጣቶቹን ማየት አልችልም። እኔ የሰማሁት ግን በእሱ እጅ ሥር ሆኖ ሲስቅ ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ጨዋታቸውን ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አየሁ። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሁሉም ናቲን ሊያይ ነው የመጣው። ገና የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ናቲ ሲሮጥ ቆመና ግራ እግሩን ያዘ። እንድሪስ ቦርሳውን ይዞ ሮጠ። ተንበረከከ፣ ተረከዙን ተጫነ። ናቲ ሳቀ። ካሜራው ፊቱን በትልቁ አሳየው፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ተንታኙ «ናትናኤል ፈገግ እያለ ነው፤ ለክፉ አይሰጥም ማለት ነው» አለ። ሻይ ቤቱ አጨበጨበ።

«ጫማውን አውልቀው!» ብዬ ጮህኩ፤ ብርጭቆዬ ተደፋ። «እንድሪስ! ጫማውን አውልቅና ጣቶቹን እይ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «አቦ ጋሽ ሁሴን፣ ከዚህ ሆነው ይሰማዎታል እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሳቁ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም፤ ሜዳ ላይ ማን ስልክ ያነሣል? እንድሪስ ናቲን ደግፎ አስነሣው፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና ወጣ። ስድስት ሰባት ደቂቃ አልሞላም። ማንም ሳይነካው፣ ኳስ ሊከተል አንድ እርምጃ ሲራመድ ወደቀ። ጅማቱ ነው፣ ጭራሹን ተበጥሷል። በቃሬዛ ሲያወጡት እንኳ እየሳቀ ነበር።

ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እግሩ ግን ወደ ሜዳ አልተመለሰም። ክለቡ ውሉን አፈረሰ። እኛም ያለ ሦስቱ ልጆች ስንሸነፍ ስንሸነፍ ሁለተኛ የነበርነው ወረድን። ከተማው በሙሉ ፕሬዚዳንቱን ረገመ፤ እኔም አብሬ ረገምኩ፣ እንደውም ከሁሉ ድምፄ ይጎላ ነበር። ናቲ አሁን ደረቅ ወደብ ነው የሚሠራው፣ ዕቃ ተቆጣጣሪ ነው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አባ ሁሴን!» ብሎ እያነከሰ ይመጣና ይስመኛል። ይስቃል። እኔ ፊቱን አላይም፤ ጫማውን ነው የማየው። ይህን ያህል ጊዜ አንድም ሰው እውነቱን ከእኔ አልሰማም።

እንግዲህ ሰሚራ «ሌላ የለም?» ብላ ደግማ ስትጠይቀኝ ትዝ ያለኝ ይኼ ሁሉ ነው።

«ማነው ደግመሽ ጠይቂ ያለሽ?» አልኳት። ድምፄ ተቆጥቶ ነበር።

«አይቆጡኝና፣ ጋሽ እንድሪስ ናቸው» አለች። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት የሠራችው ለካ እሱ ጋ ነው! «እዚህ ልመጣ ስል ጠርተው አስቀመጡኝ። ‹ሁሴን ሲቀና ዝም ይላል። አያ ይመር ሊሞቱ ሲሉ አደራ ብለው የሰጡኝ እሱን ነው። ዝም ሲል ሁለቴ ጠይቀው ብለውኛል፤ አንቺም ሁለቴ ጠይቂው› አሉኝ።»

በዚያ የመጨረሻ ሳምንት በአያ ይመር አልጋ አጠገብ ምን ተባባሉ እያልኩ ስንት ዓመት ስቀና፣ የተወራው ስለ እኔ ኖሯል።

«ሌላም ብለውኛል» አለች ሰሚራ፣ ሻሿን እያስተካከለች። «ልንገርዎ?»

«ንገሪኝ።»

«‹የናትናኤልን እግር ሲያስረክበኝ ዝም ማለቱን አይቻለሁ። ሁለቴ መጠየቅ እንዳለብኝም አውቅ ነበር። አልጠየቅኩም። ልጁ አባ ብሎ ሲጠራው ሰምቼ ነበር› አሉኝ። ጋሽ እንድሪስ ልጅ የላቸውም እኮ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ደወልኩለት።

«ሃሎ፣ ሁሴኔ?»

አልዘጋሁትም። «ናቲ ሲያመው ይስቃል» አልኩት። «ጣቶቹን ነው ማየት።»

«አውቄዋለሁ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ» አለኝ። ድምፁ ያ ሞቅ ያለው አልነበረም። «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «አንተም አፉ በለኝ» አለ። ሁለት ሽማግሌዎች ስልክ ይዘን ስንንሰቀሰቅ ባለቤቴ ሰው ሞተ ብላ እየሮጠች መጣች።

ከዚያ ለሰሚራ ሳምንት ሙሉ የክለቡን እግር ሁሉ አንድ በአንድ እጅ ለእጅ አስረከብኳት። ቅናቱ ለቀቀህ ወይ ብትሉኝ፣ የታባቱ! አንድ ዓመት ግራ ያጋባኝን የአዲሱን በረኛ ወገብ በአሥር ደቂቃ ምክንያቱን አገኘችው፤ ተቃጠልኩ። ዝም ልል ስል ቀና ብላ ታየኛለች፤ «ሌላስ ጋሽ ሁሴን?» ትላለች። እየተቃጠልኩ እናገራለሁ።

የመጨረሻው እግር ቅጹም ላይ ክለቡም ውስጥ የለም። እሑድ እነናቲ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰሚራን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ወይዘሮ ሣራ ደጅ ላይ መቀመጫ ዱካ አወጡልንና ለብታ ውሃ አመጡ። ናቲ ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገው፤ አወለቀውና ዱካው ላይ ተቀመጠ። «ምን ሊያደርጉኝ ነው አባ ሁሴን? ተመልሼ ልሸጥ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደ። እናቱ ወደ ውስጥ እስኪገቡ ጠበቅኩ። ታጠብኩ፣ እጄን አሞቅኩ፣ ደህናውን እግር ያዝኩ። ከዚያ ግራውን ያዝኩና ለሰሚራ ምልክት ሰጠኋት፤ እጇን ከእጄ ጎን አደረገች። ጅማቱ እንደ ገመድ ቋጠሮ ደድሯል።

«ናቲ» አልኩት፣ «ለእንድሪስ ሳስረክብህ ሲያምህ እንደምትስቅ አልነገርኩትም። ረስቼ አይደለም። ቀንቼ ነው። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ብነግረው ኖሮ ያን ቀን ከሜዳ ያወጣህ ነበር።»

ናቲ ሳቀ። እንደ ድሮው ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ። «አብሽር አባ ሁሴን» አለ፣ «ያለፈ ነገር ነው እኮ፣ ምንም አይደል፣ ምንም አልሆንኩም።»

ሰሚራ ፊቱን አላየችም። ዓይኗ ወደ ታች ነበር። የእግሩ ጣቶች ተጨብጠው፣ አፈሩን ይዘው ነጥተዋል። ቀስ አድርጋ እጇን አላላች፤ አላነሣችውም።

«ናትናኤል፣ ያመሃል?» አለችው።

«ኧረ ምንም...» አለና ሳቀ።

«ያመሃል?» አለችው ደግማ።

ሳቁ ቆመ። ልጁን ካወቅኩት ጀምሮ ያን ፊት አይቼው አላውቅም። እሷን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

«አዎ» አለ። «በጣም ያመኛል።»

ያኔ እጄን አነሣሁ።